ስንፈተ ወሲብ በዘር ይመጣል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ይሄን ጉዳይ በአደባባይ ከመጠየቅ በኢንቦክስ መጠየቅ ስለሚቀለው፣ ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ።

ስንፈተ ወሲብ የሚባለው ምኑ ነው? አንድ ሁለቴ እምቢ ካለኝ አለብኝ ማለት ነው?

አይ፣ አንድ ሁለቴ እምቢ ማለት በሽታ አይደለም። ድካም አለ፣ መጠጥ አለ፣ ጭንቀት አለ፣ ተኳርፎ ማደር አለ፣ እነዚህ ሁሉ ለአንድ ሌሊት ያጠፉታል። ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ የሚሉት ብልት ለግንኙነት በሚበቃ ልክ አልቆም ሲል ወይ ቆሞ መሃል ላይ ሲከዳ፣ እሱም ተደጋግሞ ወራት ሲያስቆጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ 3 ወር እንደ መነሻ ይያዛል። እድሜ ሲገፋ ደሞ ብርቅ ነገር አይደለም፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ40 እስከ 70 አመት ያሉ ወንዶች ላይ ተሰርቶ በ1994 በወጣው የታወቀ ጥናት 52 በመቶዎቹ ቀላልም ይሁን ከባድ ችግሩ ነበረባቸው።

ሰው ግን ሁሉንም ባንድ ስም ይጠራዋል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ መምታታት የሚፈጠረው። አለመቆም ሌላ፣ ፍላጎት ማጣት ሌላ፣ ቶሎ መጨረስ ሌላ፣ ልጅ አለመውለድ ደሞ ጭራሽ ሌላ። ከጀርባቸው ያሉት ጂኖችም ይለያያሉ። ለምሳሌ ዋይ ክሮሞዞሙ ላይ ቁራጭ የጎደለበት ሰው ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ ላይገኝ ይችላል፣ ብልቱ ግን ምንም ሳይሆን ይቆማል። ስለዚህ ከታች የማወራው በዋናነት ስለ አለመቆም ነው፣ ሌላውን ስነካ እናገራለሁ።

እሺ፣ በዘር ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም?

ዝንባሌው ይተላለፋል፣ በሽታው ግን እንደ ዓይን ቀለም ተወስኖ አይመጣም። ይሄን ለማወቅ የሚጠቅሙት መንትዮች ናቸው፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው፣ የማይመሳሰሉት ደሞ እንደማንኛውም ወንድማማች ግማሹን ነው የሚጋሩት፣ ስለዚህ ችግሩ በተመሳሳዮቹ ላይ አብሮ ከበዛ ጂን እጁ አለበት ማለት ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር ውስጥ የነበሩ መንትያ ወንዶች ላይ ተሰርቶ በ2004 የታተመ ጥናት አለ፣ ለመቆም ከመቸገር ውስጥ 35 በመቶ፣ ቆሞ ለመቆየት ከመቸገር ውስጥ ደሞ 42 በመቶ ገደማው በጂን የሚብራራ ሆኖ ተገኘ።

ይሄን ቁጥር ሰው ሁሌ ገልብጦ ይረዳዋል። 35 በመቶ ማለት አንተ 35 በመቶ እድል አለህ ማለት አይደለም። በሰዎች መሃል ካለው ልዩነት፣ ማለትም አንዱ ለምን ተቸገረ ሌላው ለምን አልተቸገረም ከሚለው ውስጥ፣ ያን ያህሉን የሚያስረዳው ጂን ነው ማለት ነው። የቀረው ትልቁ ድርሻ ሲጋራ፣ ክብደት፣ እንቅልፍ፣ መድኃኒት፣ ጭንቀት፣ እድሜ፣ ምናምን ነው።

አባቴ ስንፈተ ወሲብ አለበት፣ እኔም ይይዘኛል?

መጀመሪያ አባትህ እንዳለበት እንዴት አወቅክ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው፣ አብዛኛው አባት ለልጁ አይናገርም፣ ልጅም አይጠይቅም፣ ስለዚህ በቤተሰብ አለ የለም የሚለውን በዚህ መንገድ ማጣራት ብዙም አያስኬድም። ደሞ አንድ የ65 አመት ሰው ላይ መጣ ማለት ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ኖሮት ነው ማለት አይደለም፣ በዛ እድሜ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል።

እኔ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። አባትህ ወይ አጎቶችህ ስኳር የጀመራቸው በስንት አመታቸው ነው? ግፊት አለ? ከ55 አመቱ በፊት ልቡን የታመመ፣ ስትሮክ የመታው ወንድ አለ? ኮሌስትሮሉ በመድኃኒት እንኳን አልወርድ ያለ ሰው አለ? እነዚህን ቤተሰብ ሳያፍር ይመልሳቸዋል፣ ስለ ብልትህ ወደፊት የሚናገሩትም እነዚህ ናቸው።

ጂን እዚያ ቦታ ላይ ምን ስራ አለው?

ብልት የሚቆመው በደም ነው። ስሜት ሲመጣ ነርቮቹና የደም ስሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ እሱ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባለውን ንጥረ ነገር ያስመርታል፣ ያ ደሞ በደም ስሮቹና በብልቱ ስፖንጅ መሰል ስጋ ውስጥ ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፣ ደም ይገባል፣ መውጫው ደም ስር ተጨፍልቆ ይዘጋል፣ በቃ ቆመ ማለት ይሄ ነው። ስራው ሲያልቅ ፒዲኢ5 የሚባል ኢንዛይም ሳይክሊክ ጂኤምፒውን ይሰብረውና ይተኛል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሰውነት ውስጥ መልእክት እንደሚያደርስ ያረጋገጡት ሶስት ሰዎች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፣ ቫያግራ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውም በዛው አመት ነው፣ መድኃኒቱ የሚሰራው ፒዲኢ5ን በመያዝ ነው።

እዚህ ሰንሰለት ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀለበት ከጀርባው ጂን አለው። ብዙ የተጠናው ኖስ3 ነው፣ የደም ስር ሽፋን ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሰራውን ኢንዛይም የሚያዘው። አንዳንድ ሰዎች ላይ ይሄ ጂን ትንሽ ለየት ያለ ቅጂ አለው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀሩ ስራዎች ያ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ላይ ስንፈተ ወሲብ በዛ ብሎ እንደሚታይ አግኝተዋል። ኤሲኢ የሚባል ከደም ግፊት ጋር የሚነሳ ሌላ ጂን ደሞ አለ፣ እሱ ላይ አንዱ ጥናት አዎ ሲል ሌላው አይ ስለሚል እኔ ብዙም አልደገፍበትም።

“የስንፈተ ወሲብ ጂን ተገኘ” የሚል ዜና አይቻለሁ፣ እውነት ነው?

በግማሽ እውነት ነው። በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ትልቅ የጤና ድርጅት አባል የሆኑ ከ36 ሺህ በላይ ወንዶች ዲኤንኤ ተመርምሮ፣ ክሮሞዞም 6 ላይ ሲም1 ከሚባል ጂን አጠገብ ያለ አንድ ቦታ ከስንፈተ ወሲብ ጋር ተያይዞ ተገኘ፣ ከዛ እንግሊዝ ያለው ዩኬ ባዮባንክ የሚባለው ትልቅ የጤና መረጃ ማከማቻ ውስጥ ባሉ ከ200 ሺህ በላይ ወንዶች ላይ ሲፈተሽም እዛው ቦታ ላይ ወጣ። እዛ ቦታ ላይ ያለውን የተለየ ቅጂ አንድ የያዘ ሰው አደጋው በ26 በመቶ ይጨምራል፣ ከእናትም ከአባትም ወርሶ ሁለት የያዘ ደሞ በ59 በመቶ ገደማ። ሌላ ቡድንም ለብቻው ሰርቶ በዛው ሰሞን እዛው ሰፈር ላይ ደረሰ፣ ሁለት ቡድን ሳይነጋገር አንድ ቦታ ላይ ሲገናኝ ነገሩ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

የሚገርመው ቦታው ነው። ሲም1 የደም ስር ጂን አይደለም፣ የሚሰራው አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ ላይ ነው፣ ከረሃብና ከጥጋብ መቆጣጠሪያው ጋር አንድ መስመር ላይ። በዛ መስመር ላይ ያለው ኤምሲ4 የሚባል መቀበያ ሲነቃ ብልት እንደሚቆም ከድሮም ይታወቅ ነበር። ሰው “አሃ፣ እንግዲያው የሚያወፍር ጂን ነው፣ ውፍረቱ ነው ያመጣው” ብሎ ያስባል፣ ተመራማሪዎቹም ጠርጥረው የክብደቱን ጉዳይ ለይተው አዩት፣ ግን ውጤቱ አልጠፋም፣ በራሱ መንገድ ይሰራል።

ታዲያ ለምን በግማሽ እውነት አልኩ? ምክንያቱም 26 በመቶ ሲባል ትልቅ ይመስላል እንጂ ከ100 ሰው 10ሩ ላይ የሚመጣ ነገር ወደ 12 ወይ 13 ከፍ አለ ማለት ነው። ይሄን ቅጂ የያዘ ብዙ ወንድ ምንም ሳይሆን ያረጃል፣ ያልያዘ ብዙ ወንድ ደሞ ይቸገራል። በዛ ላይ እስካሁን በዚህ ዘርፍ የተመረመረው ሰው አብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ነው፣ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ሌላው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ስኳር በቤተሰባችን አለ፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በደንብ ይገናኛል፣ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ጂን ወደዚህ ጉዳይ የሚገባበት ትልቁ በር ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው። ስኳር ያለበት ወንድ ከሌለበት ሲነፃፀር በስንፈተ ወሲብ የመያዝ እድሉ በሶስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ደሞ ከሌላው ሰው 10 እና 15 አመት ቀድሞ ሊመጣበት ይችላል። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቩንም ይጎዳል፣ የደም ስሩን ሽፋንም ይጎዳል፣ ቅድም ያልኩት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሰራበት ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው አይነት ስኳር ደሞ በዘር በጣም የሚሄድ በሽታ ነው፣ ቲሲኤፍ7ኤል2 ከሚባለው ጀምሮ አደጋውን ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጂን ቦታዎች ተለይተዋል።

አንዳንዱ “ስኳር ያለበት ሰው ወፍራምም ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ይጨነቃል፣ ታዲያ ስኳሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?” ብሎ ይከራከራል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይ ሲም1 አጠገብ ለብቻው ሰርቶ ደረሰ ያልኩት ሁለተኛው ቡድን ይሄንኑ ፈትሿል። ጂን የሚታደለው ስንፀነስ ነው፣ ማጨስም ሆነ ጭንቀት ከመምጣቱ በፊት፣ ስለዚህ ሰዎችን በኑሯቸው ሳይሆን ለስኳር በሚያጋልጣቸው ጂን ብቻ ደርድረው ሲያዩ፣ ያ ጂን የበዛባቸው ላይ ስንፈተ ወሲብም በዝቶ ተገኘ። ማለትም ተገጣጥመው ብቻ አይደለም፣ ለስኳር መጋለጡ ራሱ ያመጣዋል።

ልብና ብልት ምን አገናኛቸው? ሐኪም ጋ ለዚህ ጉዳይ ሄጄ ልቤን መረመረኝ

ጎበዝ ሐኪም ነው የገጠመህ። የብልት ደም ስር ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የልብ ደም ስር ደሞ ከ3 እስከ 4። የደም ስር በስብ መጥበብ ሲጀምር መላ ሰውነት ላይ ነው የሚጀምረው፣ ግን ቀጭኑ ቀድሞ ይታወቅበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ላይ መጀመሪያ ብልቱ እምቢ ይላል፣ ከዛ ከ2 እስከ 5 አመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደረቱን ማመም ይጀምረዋል። በተለይ ከ50 በታች ሆኖ፣ ቀስ በቀስ እየባሰ የመጣበት ሰው ቫያግራ ገዝቶ ዝም ማለት የለበትም።

በዘር የሚመጣ የኮሌስትሮል በሽታ የሚባል አለ፣ ከ250 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ኤልዲኤልአር የሚባለው ጂን ተበላሽቶ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ላይ ማንሳት ያቅተዋል። ሰውየው ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ስፖርተኛ ሊሆን ይችላል፣ ኮሌስትሮሉ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከፍ ያለ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ወፍሮ ይታያል። ከወላጆች አንዱ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ እድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ በመድኃኒት ግን በደንብ ይያዛል።

ከእናት በኩል ሊመጣ ይችላል?

ይችላል፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል። ወንድ ኤክስ ክሮሞዞሙን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው፣ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ተቀብሎ ስራ የሚያሰራው መቀበያ ጂን ደሞ እዛ ኤክስ ላይ ነው ያለው። ይሄ ጂን ውስጥ ሲኤጂ የሚባሉ ሶስት ፊደሎች ተደጋግመው የተፃፉበት ቦታ አለ፣ ድግግሞሹ ከሰው ሰው ይለያያል፣ በጤነኛ ሰው ከ10 እስከ 35 አካባቢ ነው፣ ድግግሞሹ በረዘመ ቁጥር መቀበያው ሰነፍ ይላል። ከ38 በላይ ሲሄድ ግን የኬኔዲ በሽታ ይሆናል፣ ከ30 አመት በኋላ የእግርና የእጅ ጡንቻ እየደከመ፣ ምላስ እየተንቀጠቀጠ፣ ጡት እያበጠ ይመጣል፣ ወሲባዊ አቅምም አብሮ ይወርዳል። በጣም ብርቅ ነው፣ ስላነበብክ ብቻ ምላስህን መስታወት ላይ አትይ።

ካልማን የሚባለው በሽታም አንዱ አይነቱ በኤክስ ነው የሚሄደው። አንጎል ለፍሬዎች “ስሩ” የሚለውን ትእዛዝ አይልክም፣ ስለዚህ ልጁ ጉርምስና አይመጣበትም፣ ድምፁ አይወፍርም፣ የሚገርመው ደሞ ሽታ አይሸተውም። 17 እና 18 አመት ሞልቶት ጢም የለ ምን የለ፣ ቡና ሲቆላ እንኳን የማይሸተው ልጅ ካለ ሆርሞን ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ በሆርሞን ይታከማል፣ ብዙዎቹም በህክምና ይወልዳሉ።

ክላይንፌልተር ምንድነው? ሳላውቀው ሊኖርብኝ ይችላል?

አዎ፣ ሳያውቁት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ነው ያለው፣ እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ትርፍ ኤክስ አላቸው። ከ500 እስከ 1000 ከሚወለዱ ወንዶች አንዱ ላይ ይገኛል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እድሜ ልካቸውን ሳይታወቅላቸው ይኖራሉ። የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ካገቡ በኋላ ልጅ እምቢ ሲል ነው። ዋናው ምልክት ፍሬዎች በጣም ትንሽና ጠንከር ያሉ መሆን ነው፣ ሌላው ቁመት መርዘም፣ ጢም መሳሳት፣ ጡት ትንሽ ማበጥ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ላይ ሁሉም አይታይም። ቴስቶስትሮን ስለሚያንስ ከጊዜ በኋላ ፍላጎትም መቆምም ሊቀንስ ይችላል።

በነገራችን ላይ ይሄ የጂን ጉዳይ ቢሆንም በዘር የሚወረስ አይደለም፣ ፅንስ ሲፈጠር በአጋጣሚ የሚሆን ነው፣ ስለዚህ እናትን ወይ አባትን መውቀስ ቦታ የለውም። ቴስቶስትሮን ሊታዘዝ ይችላል፣ ነገር ግን ልጅ የሚፈልግ ሰው ቴስቶስትሮን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያናግር፣ ከውጪ የሚገባ ቴስቶስትሮን የቀረውን የዘር ማምረት ያጠፋዋል።

ቶሎ መጨረስስ? ወንድሜም እንደኔ ነው

እዚህም ጂን ድርሻ አለው፣ ፊንላንድ ውስጥ በመንትዮች ላይ የተሰራ ጥናት 28 በመቶ ገደማ ብሎታል። ይሄ በተለይ የሚነሳው ከመጀመሪያው ግንኙነት ጀምሮ ሁሌም ቶሎ የሚጨርሱ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ወይ ከዛ በታች ማለት ነው፣ ወንዶች ላይ ነው። ኋላ የመጣበት ሰው ግን ጂን ከመጠርጠሩ በፊት ሌላ ምክንያት ይፈልግ፣ የመቆም ችግር የጀመረው ሰው እንዳይከዳው ብሎ ይቸኩላል፣ ታይሮይድም ፕሮስቴትም ሊያመጣው ይችላል።

ጥርጣሬው ያለው ሴሮቶኒን የሚባል አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ላይ ነው። ሴሮቶኒንን መልሶ የሚሰበስበውን ጂን በተመለከተ ኔዘርላንድ ውስጥ በ2009 የወጣ ጥናት አንዱ አይነት ቅጂ ያላቸው ወንዶች ከሌሎቹ በግማሽ ጊዜ ይጨርሳሉ አለ፣ ከዛ ሌሎች ሲደግሙት አንዳንዱ ተቃራኒውን አገኘ፣ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። ሴሮቶኒን ላይ የሚሰሩ መድኃኒቶች ማዘግየታቸው ግን አያጠራጥርም። ደሞ መለኪያህን ከፊልም አትውሰድ፣ በ5 አገሮች 500 ገደማ ጥንዶች ቤታቸው በሰአት መቁጠሪያ እየለኩ የተሰራ ጥናት አለ፣ መሃለኛው ሰው 5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው የቆየው።

ብልት መጉበጥ በዘር ነው?

ከመወለድ ጀምሮ ያለ ትንሽ ጉብጠት ችግር አይደለም። ትልቅ ሰው ላይ ጠጣር ነገር በቅሎ፣ እያመመ፣ እየጎበጠ የሚሄደው ግን ፔይሮኒ የሚባለው ነው፣ እሱ በአንዳንድ ቤተሰብ ይደጋገማል። ጣት መዳፍ ውስጥ ታጥፎ አልዘረጋ ከሚልበት ዱፑይትረን ከሚባል በሽታ ጋር የሚጋሩት ጂን አለ፣ ስለዚህ አባትህ ቀለበት ጣቱ ታጥፎ ከቀረና አንተ እየጎበጠብህ ከሆነ ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገረው።

ሲክል ሴል አለብኝ፣ ብልቴ ሳልፈልግ ቆሞ ይቀራል፣ ይሄም ይገናኛል?

ይገናኛል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሲክል ሴል ከእናትም ከአባትም የሚወረስ የደም በሽታ ነው፣ ማጭድ የመሰሉት ቀይ የደም ህዋሶች ብልት ውስጥ ደሙን ይዘጉትና ሳይፈለግ ቆሞ ይቀራል፣ ያማልም። በሽታው ካለባቸው ወንዶች ከሶስቱ አንዱ ገደማ በህይወቱ ይገጥመዋል። ከ4 ሰአት በላይ ከቆየ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቢያሳፍርም፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ያጣው ስጋ ይሞትና በጠባሳ ይተካል፣ ከዛ በኋላ ነው እውነተኛው አለመቆም የሚመጣው። አጭር አጭሩም ቢሆን ከተደጋገመ ለሐኪም መነገር አለበት።

ቫያግራ ለጓደኛዬ ሰርቶ ለኔ ለምን አልሰራም? ጂን ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን መጨረሻ ላይ የሚጠረጠር ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ቅባት የበዛበት ምግብ በልቶ ወዲያው መዋጥ፣ አንድ ሰአት ሳይጠብቁ መሞከር፣ ስሜት ሳይኖር መድኃኒቱ ብቻውን ያቆመዋል ብሎ መጠበቅ፣ አንዴ ሞክሮ መተው፣ ደሞ አስመስሎ የተሰራ ክኒን መግዛት። ቴስቶስትሮኑ በጣም የወረደ ሰው ላይም ብቻውን ብዙም አይሰራም።

ጂኑ ያለው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጂኤንቢ3 የሚባል ጂን ላይ ነው፣ ቅጂው የተለየ ሰው ለሲልደናፊል፣ ቫያግራ ውስጥ ላለው መድኃኒት ማለት ነው፣ የሚሰጠው ምላሽ እንደሚለያይ ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ሌላው መድኃኒቱን ጉበት ውስጥ የሚሰብረው ሲፒ3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም ነው፣ ከሰው ሰው ፍጥነቱ ይለያያል። እዚህ ላይ ግን ከጂኑ ይልቅ አብረህ የምትወስደው መድኃኒት ይበልጣል፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ሲልደናፊልን ቶሎ ያስወግደዋል፣ የኤችአይቪው ሪቶናቪርና የፈንገሱ ኬቶኮናዞል ደሞ ደም ውስጥ ያከማቹታል። ለልብ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ግን ጭራሽ እንዳይነካው፣ ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊገድለው ይችላል።

እድሜዬ 24 ነው፣ ጠዋት ይቆማል፣ ከሰው ጋር ስሆን ግን እምቢ ይላል፣ ጂን ይሆን?

አይመስልም። ጤነኛ ወንድ ሌሊት በእንቅልፍ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይቆምለታል፣ አብዛኛው ህልም በሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ። ያ ካለ ነርቩም ደም ስሩም ሆርሞኑም ስራ ላይ ናቸው፣ የቀረው ጭንቀት፣ ፍርሃት፣ ከሰውየዋ ጋር ያለ ነገር፣ ወይ በፖርኖ የተለመደ ነገር ነው። የድብርት መድኃኒት ከጀመርክ በኋላ ከሆነ ደሞ መድኃኒቱን ጠርጥር፣ ግን በራስህ አታቁመው። የጠዋቱም የሌሊቱም ከጠፋ፣ ያኔ ምርመራ ያስፈልጋል።

ታዲያ የጂን ምርመራ ላድርግ? ምራቅ ልኮ የሚታወቅ አለ ይባላል

ለተራ ስንፈተ ወሲብ አያስፈልግም። ምራቅህን ልከህ “አደጋህ ከፍ ያለ ነው” ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ሲጋራ አቁም፣ ክብደት ቀንስ፣ ስኳርህን ተመርመር ይልሃል፣ “አደጋህ ዝቅተኛ ነው” ቢልህም ያንኑ ነው የምታደርገው። ገንዘቡን ለደም ምርመራ አውለው፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮል፣ የግፊት ልኬት፣ ጠዋት ከምግብ በፊት የሚወሰድ ቴስቶስትሮን፣ ዝቅ ካለ ደሞ በሌላ ቀን ጠዋት ተደግሞ። ከሰአት የተወሰደ ቴስቶስትሮን ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ በቀኑ ውስጥ እየወረደ ነው የሚሄደው።

የጂን ወይ የክሮሞዞም ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ሐኪም ምክንያት ሲያገኝ ነው። ፍሬዎች ትንሽ ሆነው ዘር ከጠፋ የክሮሞዞም ምርመራ፣ ጉርምስና ካልመጣ የካልማን፣ ኮሌስትሮል በወጣትነት ሰማይ ከነካ የኤልዲኤልአር። አንድ የሚረሳ ደሞ አለ፣ ሄሞክሮማቶሲስ፣ በዘር የሚመጣ የብረት ክምችት ነው፣ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ብረቱ አንጎል ስር ያለችውን ፒቱታሪ እጢ ይጎዳና ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ሰውየው መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ስኳር ይጀምረዋል። ፌሪቲንና ትራንስፈሪን በሚባሉ የደም ምርመራዎች ይጠረጠርና በጂን ይረጋገጣል፣ ህክምናው ደም በየጊዜው መቅዳት ነው፣ ቀድሞ ከተደረሰበት ብዙ ነገር ያድናል።

ጂኑ ካለብኝ ስፖርት ምን ይፈይዳል?

ብዙ ይፈይዳል፣ ምክንያቱም አብዛኛው የጂን አደጋ በስኳር፣ በግፊትና በደም ስር በኩል ነው የሚያልፈው፣ እነሱን ደሞ እንቅስቃሴ በቀጥታ ያገኛቸዋል። ጣልያን ውስጥ በ2004 በወጣ ጥናት፣ ስንፈተ ወሲብ ያለባቸው ወፍራም ወንዶች ክብደት እንዲቀንሱና እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ለ2 አመት ሲከታተሏቸው፣ አንድ ሶስተኛ ገደማዎቹ ያለ መድኃኒት ወደ ጤናማ ደረጃ ተመለሱ። ሌሎች ስራዎችን ያሰባሰበ ግምገማ ደሞ በሳምንት 160 ደቂቃ የሚያለፋ እንቅስቃሴ ለ6 ወር ማድረግ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። በሳምንት 4 ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ ላብ እስኪመጣ ማለት ነው። ክላይንፌልተር ወይ ካልማን ያለበትን ሰው ግን ሩጫ ብቻ አያድነውም፣ እዛ ሆርሞኑ ነው የጎደለው።

በጂን ህክምና የሚድንበት ቀን ይመጣል?

ተሞክሯል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ 11 ወንዶች ብልታቸው ውስጥ ማክሲኬ የሚባል ጂን ተወጋላቸው፣ ጂኑ የብልትን ጡንቻ ለማላላት የሚረዳ የፖታሲየም መተላለፊያ የሚሰራ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ደህንነቱን ለማየት ነበር፣ ከባድ ጉዳት አልታየም፣ ብዙ መጠን ከወሰዱት አንዳንዶቹም ለወራት መሻሻል ነገሩ። ግን ማስመሰያ የወሰደ ቡድን አብሮ ስላልነበረ በጂኑ ይሁን በተስፋ መለየት አይቻልም፣ እስካሁንም ፋርማሲ የደረሰ ነገር የለም።

ሲም1 ሲገኝ ተስፋው ወደ አንጎል ዞሯል። ከሱ ቀደም ብሎም ኤምሲ4ን የሚያነቃ ብሬሜላኖታይድ የሚባል መድኃኒት ተሰርቶ መጀመሪያ ወንዶች ላይ ለስንፈተ ወሲብ በአፍንጫ በሚነፋ መልክ ተፈተነ፣ ግፊት ስለሚጨምር ያ መንገድ ተተወ፣ በኋላ በ2019 አሜሪካ ውስጥ የፀደቀው በመርፌ መልክ ሆኖ ለሴቶች የፍላጎት ማጣት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው “የስንፈተ ወሲብ ጂንህን አስተካክላለሁ” ብሎ ገንዘብ ከጠየቀህ እያታለለህ ነው።